በበዓል ቀን በፕሮግራሞች መሃል የሚያናግረን ሰው የት ገባ?

የቄራው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ቢዘገይም እንኳን አደረሳችሁ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የበዓል ቴሌቪዥናችን ከዓመት ዓመት እያማረበት ነው። ሎጎው አደይ አበባ ይለብሳል። ስቱዲዮው ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ረከቦቱ፣ ፈንድሻው፣ መሶቡ፣ ጥጥ የምትፈትል እናት ሳትቀር ትቀርባለች። በፕሮግራምና በፕሮግራም መሃል የሚያናግረን ሰው ግን የለም። የፕሮግራም አስተዋዋቂ ማለቴ ነው። ብቅ ብሎ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ፤ የዛሬው ምሽት ዝግጅታችን የሚከተለውን ይመስላል» የሚለው ሰው።

ጳጉሜን 5 ሌሊት ሪሞት ይዤ ከጣቢያ ጣቢያ ስዞር ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ ላይ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን ምን እየተላለፈ ነበር? የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ። እድፉ እየለቀቀ ዓመቱ ተቀየረ። ከዚያ የቀጠለው የሙዚቃ ዝግጅት አስቀድሞ የተቀዳ ነው። አቅራቢዋ «አዲሱን ዓመት ለመቀበል ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውናል» ትላለች። አልፏል እኮ እህቴ!

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሰው ይመለስ ወይስ ጊዜው አልፎበታል? ሌላ አገርስ እንዴት ነው የሚያደርጉት?


ሚኪ2000፦

ወንድሜ 6 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ላይ የነበርከው አንተና ዘበኛው ብቻ ናችሁ። ሌላው ሰው ስልኩ ላይ ነው ሃሃሃ


ጋሽ ሰባ ሰባት፦

ልጆቼ፣ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ቴሌቪዥን በአገራችን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 23 የጃንሆይ የዘውድ በዓል ዕለት ነበር። ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። እንግዲህ ጣቢያው ራሱ በበዓል ቀን ነው የተወለደው።

በእኛ ጊዜ ጣቢያው አንድ ነው፤ እሱም ማታ ማታ ብቻ። ስርጭቱ ሲከፈት አስተዋዋቂዋ ትመጣና የምሽቱን ዝርዝር ታነብልናለች። ሲዘጋ ደህና እደሩ ብላን መዝሙሩ ይሰማል። በመሃል ፊልሙ ሲቋረጥም የምትመጣው እሷው ናት። «ላጋጠመን የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን።» ይህችን ዐረፍተ ነገር በቃሉ የማይል የእኔ ዕድሜ ሰው አታገኙም። የበዓል ቀን ስትሆን ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው። ማን ይቆጣል?

ለልጆች ደግሞ አባባ ተስፋዬ ነበሩልን። ከጣቢያው መጀመሪያ አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ብለዋል። ልጅ ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ይመልስ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው ነበር የሚመስለው።

በደርግ ዘመን መስከረም 1 ላይ ያማረው ስክሪን በማግስቱ ይገለበጣል። መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነዋ! አበባው ሳይጠወልግ ሰልፉና ታንኩ ይመጣል። ትናንት «በሰላም አደረሳችሁ» ያለችን ድምፅ ዛሬ መፈክር ታነባለች። እዚህ ላይ የቄራው ልጄ እንዳይረሳው፤ ያ የሚናፍቀው ሰው የመንግሥት አፍም ነበር። ስርጭቱ ባለ ቀለም የሆነው ለ10ኛው የአብዮት በዓል ነው፣ በ1977 መባቻ። የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር አደዩ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ግራጫ ሆኖ ቆየ።


የቄራው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። የመስከረም 2ቱን ጉዳይ አባቴም ሲያወራ እሰማለሁ። አፍ የሚለውን ግን እቀበላለሁ ብዬ ነው ሰው ይመለስ የምለው። ማሽኑም እኮ የሰው አፍ ነው፤ የስፖንሰር።


ሀናን፦

የኢድን ነገር ማንም አላነሳውም፤ እኔ ላንሳው።

ሦስቱ የእስልምና በዓላት፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ፣ ብሔራዊ በዓል የሆኑት በ1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ለእኛም «ኢድ ሙባረክ» ይላል። ለኢድ አልፈጥር ግን አስተዋዋቂ ጌጥ አይደለም። ዜናው ራሱ እሱ ነው። የረመዳን 29ኛው ቀን ሲመሽ ቤት ውስጥ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ? ጨረቃ ታየች አልታየች? እናቴ ወጡን ትጣደው አትጣደው የሚወስነው እሱ ነው። አያቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ማንንም አያስወሩም ነበር።

አምና አንድ ጣቢያ ላይ ድራማው ሳይቋረጥ ከታች በሚሮጠው ጽሑፍ ነው የነገሩን። ያውም ከአንድ የሪል እስቴት ማስታወቂያና ከአንድ የጨረታ ጥሪ መሃል። ጎረቤት ጮሆ ነው የሰማነው። ሰው ድራማውን ለሠላሳ ሰከንድ አቁሞ «ነገ ኢድ ነው፣ እንኳን አደረሳችሁ» ቢል ምን ይጎዳ ነበር?

ሌላው ዲኮሩ ነው። ቄጠማው ያው፣ ረከቦቱ ያው፣ አበባው ተነሥቶ ጨረቃና ኮከብ ይንጠለጠላል፣ አለቀ። የእኛ ሰፈር ኢድ እንዲህ አይደለም። ጠዋት ስታዲየም ለሶላት የሚጎርፈው ነጭ በነጭ ሰው ብቻውን ስክሪኑን ይሞላል።


ተረኛ ኦፕሬተር፦

ሰላም። እኔ የምሠራው እናንተ የምትወቅሱት ቦታ ላይ ነው። ማስተር ኮንትሮል፣ ስርጭቱ ወደ አየር የሚወጣበት ክፍል። የጣቢያዬን ስም አልናገርም፤ የሳሙናውን ጣቢያ ግን አይደለም ሃሃ።

በመጀመሪያ 6 ሰዓት ላይ ሳሙና እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ። ሙሉ ሌሊቱ የተጫነው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ፕሌይሊስት እንለዋለን። እያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ፕሮሞና ማስታወቂያ በሰከንድ ተቆጥሮ ይደረደራል። አንድ የዋዜማ ኮንሰርት ከተባለው አራት ደቂቃ ረዝሞ ተቀርጾ ከመጣ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አራት ደቂቃ ይገፋል። ቆጠራው 6 ሰዓት ከአራት ላይ ይወድቃል። ማስታወቂያውን ነቅዬ ቆጠራውን ላስገባ ብል ስፖንሰሩ የከፈለው ለዚያች ደቂቃ ነው። ዋጋዋም ከሌላው ደቂቃ ሁሉ ይበልጣል። ተረኛው አንድ ልጅ ነው፤ ማን ደፍሮ ይነቅላል?

ስፖንሰር ካነሳን አይቀር፣ በ2011 የወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን የበዓል ዝግጅት ወጪ የሚሸፍነው ቢራ ነበር። አሁን ዘይት፣ ሳሙና፣ ባንክና ቀለም ናቸው። አንዱ ብቻውን ስለማይችል አምስትና ስድስት ሆነው ይገባሉ። ለዚህ ነው ስክሪኑ በአራቱም ማዕዘን የሚሞላው። አደዩን ለማስቀመጥ ራሱ ቦታ ፍለጋ ነው።

የሀናንን ጥያቄ በተመለከተ፣ የኢድ ዋዜማ የእኛ ትልቁ ፈተና ነው። ሁለት ፕሌይሊስት እናዘጋጃለን፤ አንዱ «ነገ ኢድ ነው»፣ ሌላው «ረመዳን 30»። ሎጎውም ሁለት ነው፣ ፕሮሞውም ሁለት። ማታ መግለጫው እስኪመጣ ሁለቱም ተከፍተው ይጠብቃሉ። መግለጫው ከዘገየ ቀድሞ የገባው ድራማ ይቀጥላል፤ ያኔ ቶሎ ልንነግራችሁ የምንችለው በሚሮጠው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሰው የለም። መብራቱም ጠፍቷል። ያልሽው ልክ ነው፤ ሠላሳ ሰከንድ የሚናገር ሰው ቢኖር ነገሩ ሁሉ ይቀል ነበር።

የገና ቀንም የዋዛ እንዳይመስላችሁ። 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች የ2016 ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። ግራፊክስ ክፍል የቀደመውን ዓመት ፋይል አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሮ ላከ፤ «ታኅሣሥ 29» እንዳለ ነው። ማን ያየው ይመስላችኋል? ክፍሉን የምታጸዳው ሴትዮ። «ዘንድሮ ዮሐንስ አይደል እንዴ?» አለች መጥረጊያዋን እንደያዘች። በሩጫ ተስተካከለ። በ2020 ደግሞ እንዲሁ ይመጣል፤ እስከዚያ ከሥራ አትቀሪብን ብለናታል።


ብርቱካን ፍራንክፈርት፦

ኦፕሬተር፣ የፋይል ነገር ካነሳህ የጀርመኖቹን ስማ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን 1986 ማታ ኤአርዴ የተባለው ትልቁ ጣቢያቸው የቻንስለር ሄልሙት ኮልን የአዲስ ዓመት ንግግር አስተላለፈ። ያስተላለፈው ግን የዓመቱን አልነበረም። የአምናውን! ሰውየው መጨረሻ ላይ ለሕዝቡ መልካም 1986 ተመኘ፤ 1986 ሊያልቅ የሰዓታት ዕድሜ ቀርቶት። ትክክለኛው የቀረበው በማግስቱ ነው።

ያውም በጀርመን። ስለዚህ እኛ ጋ «ታኅሣሥ 29» ቢባል አትዘኑ።


ሚኪ2000፦

የአምናው ንግግር እንደሆነ ለማወቅ መጨረሻው ድረስ መስማት ነበረባቸው ማለት ነው? ይሄ ስለ ንግግሩ ብዙ ይናገራል


ሸገር በለንደን፦

የጋሼን ጽሑፍ ሳነብ ሳቅሁ። ጥቅምት 23 በፈረንጁ ኖቬምበር 2 ነው። ቢቢሲም መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭት የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ነው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ ይላል። ያኔ ሦስት አስተዋዋቂዎች ነበሯቸው። ሁለት ሴቶች፣ ጃስሚን ብላይና ኤልዛቤት ካወል፣ አንድ ወንድ፣ ሌስሊ ሚቸል። ሱፍና የራት ልብስ ለብሰው ፊት ለፊት ነበር የሚቀርቡት።

አሁን ቢቢሲ ላይ ፊታቸው አይታይም። ድምፃቸው ግን አለ። የቄራው የጠየቀው ይህንን ይመስለኛል። የገና ቀንም ሰው ሥራ ገብቶ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጣል። የንጉሡ ንግግር በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ሰዓት ላይ ነው። ከንግግሩ በፊትና በኋላ የሚሰማው ድምፅ ረጋ ያለ ነው። ቀጥሎ ኮሜዲ ካለ ደግሞ ያው ሰውዬ ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ታገኛላችሁ። ከአንዱ ስሜት ወደ ሌላው በአሥር ሰከንድ ያሻግራችኋል። ሙያው እዚህ ላይ ነው። ግራፊክስ ይህን አይሠራም።

ግራፊክሱንም ግን አይንቁም። ቢቢሲ ዋን በየዓመቱ ለገና መለያ ምስሉን ይቀይራል። በ2008 ዋላስና ግሮሚት የሚባሉትን የፕላስቲሲን አሻንጉሊቶች ነበር ያመጡት። በመለያዎቹ ላይ የስፖንሰር ስም የለም። ቢቢሲ ከማስታወቂያ ሳይሆን ከሕዝብ በሚሰበሰብ የቴሌቪዥን ክፍያ ስለሚተዳደር ቦታውን የሚሻማው የለም።

አይቲቪ የሚባለው የንግድ ጣቢያ ደግሞ ድሮ በየክፍለ ሀገሩ የራሱ ኩባንያና የራሱ አስተዋዋቂ ነበረው። ደቡብ ምዕራብ፣ ፕሊመዝ ከተማ፣ ገስ ሃኒባን የሚባል የጥንቸል አሻንጉሊት ከአስተዋዋቂው አጠገብ ቁጭ ብሎ የልጆችን ልደት ያከብር ነበር። ልጁ ስሙ ሲጠራ ጥንቸሉ ይዘልለታል። ኩባንያው ፈቃዱን አጥቶ በ1992 መጨረሻ እስኪዘጋ ድረስ ቆየ። እዚህ የማውቃቸው ጎረቤቴ የዚያ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ስልሳ አልፏቸዋል፤ ጥንቸሉ ስንት ጊዜ እንደዘለለላቸው ዛሬም ይነግሩሃል። በ2002 አይቲቪ እንግሊዝ ውስጥ የክፍለ ሀገሩን አስተዋዋቂዎች አስቀርቶ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ከለንደን ማስተዋወቅ ጀመረ። ርካሽ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ የፕሊመዝን ልጅ በስሙ የሚጠራ ጠፋ።


ዘኒ ሮማ፦

ጣልያኖች «ሲኞሪኔ ቡዎናሴራ» የሚሏቸው ነበሩ። ራይ የሚባለው የመንግሥት ጣቢያቸው ላይ ብቅ ብለው የማታውን ፕሮግራም የሚያስተዋውቁ ሴቶች። በፈረንጅ ከ1950ዎቹ እስከ 2016 ቆይተዋል። የማጸዳላቸው አሮጊት ከመጀመሪያዎቹ አንዷን፣ ኒኮሌታ ኦርሶማንዶን፣ እንደ እህታቸው ነበር የሚያወሩላት።


ቤቲ ዲሲ፦

ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። አዲስ አበባ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። አስተዋዋቂው «መልካም ሌሊት» ሲለኝ ፀሐይ ዓይኔን እየወጋኝ ነው። ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7፣ የሥራ ቀን ነው። የበዓል ዝግጅቱን የማየው ቅዳሜ ዩቲዩብ ላይ ነው። ቀጥታ የተነገረ ሰላምታ ለእኔ የቆየ እንጀራ ነው።

ለእኛ የሚሻለው የተቀዳ፣ ሰዓት የማይጠራ፣ በደንብ የተሠራ ዝግጅት ነው። ኢቢኤስ በ2008 (በፈረንጅ) ከዚሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲጀምር ደስ ያለን እኮ ለዚህ ነው፤ የእኛን ቀን የሚያውቅ መጣ ብለን። ስለዚህ ሰው ይመለስ የምትሉት ለአዲስ አበባ ሰው ነው።


ሰብለ ሪያድ፦

ቤትዬ የአንቺ ገባኝ፤ የእኔን ደግሞ ስሚኝ። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። እናንተ ስድስት ስትሉ እዚህም ስድስት ነው።

እኔ በዓልን የማሳልፈው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እጄ ሳህን ላይ። ማዳሜ ስክሪን ሳይ ካየችኝ አትወድም፤ ጆሮዬን ግን አታየውም። ቄጠማውም አይታየኝም፣ አደይ የለበሰው ሎጎም አይታየኝም። የሚሮጠውን ጽሑፍማ ተዉት። ዘፈኑ ሲያልቅ ዝም ካለ ኔትወርኩ ተቋረጠ ወይስ ፕሮግራሙ አለቀ ብዬ እጄን መጥረግ አለብኝ። ሰው ገብቶ «አሁን ያዳመጣችሁት እንትን ነበር፣ ቀጥሎ እንትን ይቀርባል፣ ከአገር ውጭ ላላችሁም እንኳን አደረሳችሁ» ሲል እኔ ሳህኔን እቀጥላለሁ።

ስለዚህ ሎጎ አታስጊጡልኝ። ድምፅ ስጡኝ።


የቄራው፦

ሰብልዬ፣ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩን የተናገርሽው ግን አንቺ ነሽ።

ዓይነ ስውር ወንድምና እህቶቻችንም ያው ናቸው። «ዝርዝሩን ስክሪኑ ላይ ይመልከቱ» የሚሉትን ነገርማ አታንሱብኝ።


ሚኪ2000፦

እሺ ይሄኛው ገባኝ። ቀልዴን አቆማለሁ። ግን የድርጅቶቹ የእንኳን አደረሳችሁስ? «የእንትን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማኔጅመንትና ሠራተኞች ለመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ…» ይሄም በድምፅ ነው፤ እሱም ይቀጥል?


ጋሽ ሰባ ሰባት፦

ያማ ከእኔ በላይ ዕድሜ አለው። ማኔጅመንቱ ደመወዝ ሳይጨምር ስንቱ ሠራተኛ በማያውቀው ነገር ስሙ ተጠርቷል።


ሀናን፦

ያንኑ ጽሑፍ ይዘው ለኢድ «ለብርሃነ ልደቱ» የሚለውን ብቻ እኮ ነው የሚቀይሩት። ድምፁም ያው፣ ከጀርባ ያለው ዋሽንትም ያው።


ተረኛ ኦፕሬተር፦

ዋሽንቱ ነፃ ስለሆነ ነው ሃሃሃ።

አንድ የመጨረሻ የጓዳ ወሬ። የገና ዝግጅት የሚቀረጸው በጾመ ነቢያት ነው፣ የፋሲካው በዓቢይ ጾም። ስቱዲዮው መሃል እውነተኛ ዶሮ ወጥ ይቀርባል፤ ካሜራ ውሸት አይወድማ። ካሜራማኑ ጾመኛ፣ መብራት የያዘው ጾመኛ፣ አቅራቢዎቹ ጾመኞች። እንጀራው ይጠቀለላል፣ እንቁላሉ ይታያል፣ ወደ አፍ ሲጠጋ ዳይሬክተሩ «ከት!» ይላል። ቀጣዩ ምስል ላይ አቅራቢዋ አፏን እየጠረገች «ይጣፍጣል» ትላለች። እናንተ ቤት በበዓሉ ቀን በደንብ ያስጎመጃል። ወጡን የሚወስደው ጥበቃው ነው፤ ሙስሊም ስለሆነና ዶሮውም በእሱ ዘመድ ስለሚታረድ ማንም አይከራከረውም።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ያ ሁሉ ድካምና ወጪ ለሦስት ሰዓት ዝግጅት ነው። በሦስቱ ሰዓት መሃል ሰው ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ተረኛ ነው። ሰብለ ያለችውን ቀድቼ ለፕሮግራም ኃላፊዬ አነበብኩለት። ለገና ሌሊት፣ ቅዳሴው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ከመግባቱ በፊትና በኋላ፣ በድምፅ ብቻ የሚያስተዋውቅ ሰው እንሞክር አልኩት።


የቄራው፦

እና ምን አለ?


ተረኛ ኦፕሬተር፦

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ስፖንሰር አምጣ» አለ።


ሚኪ2000፦

የሳሙናውን ድርጅት ጠይቃቸው። ዕዳ አለባቸው።


ሰብለ ሪያድ፦

ሳሙናም ቢሆን ይሁን። እኔ እንደሆንኩ ሳህን ላይ ነኝ። ሰዓቱን ብቻ አስቀድማችሁ እዚህ ጻፉልኝ፤ ለጓደኞቼም እነግራለሁ።